«መጀመሪያ ይታከም»፣ «መጀመሪያ ይማር»

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ በአዲስ አበባ ሁለት ሆስፒታሎች፣ በሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒክ፣ ኦቲዝምና ሌላ የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች ይዘው የመጡ 102 አሳዳጊዎችን አነጋገሩ። ለልጃቸው ምን እንደጎደለ ጠየቋቸው። ክሊኒክ በር ላይ ተሰልፎ የዋለ ሰው ይህን ሲጠየቅ «ሐኪም»፣ «መድኃኒት» ወይም «ገንዘብ» ይላል ተብሎ ይገመታል። ከአራቱ ሦስቱ ያህል የጠቀሱት ግን ትምህርት ነው። የባለሙያ ሕክምና ያሉት ከግማሽ ያንሳሉ፤ የገንዘብ ድጋፍ ያሉት ደግሞ ሲሶ ገደማ ናቸው።

ሕክምና ፍለጋ መጥቶ ትምህርት ቤት የሚጠይቅ ወላጅ ነገሩ አልገባውም የሚል አይጠፋም። ይልቅስ ወላጁ ከብዙ ባለሥልጣን በፊት ነው የገባው። ልጁ ሆስፒታል የሚቀርበው በወር ወይም በሦስት ወር አንዴ፣ ለሃያ ደቂቃ ነው። የቀረውን ጊዜ የሚያሳልፈው ግድግዳ እያየ ነው። እናቱ ከሥራ ቀርታ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ መቅረት ካልቻለች በሩን ቆልፋበት ትወጣለች። ይህ የሚወራ ነገር ስላልሆነ ነው እንጂ በየሰፈሩ አለ። ቁልፉ ጭካኔ አይደለም። ሊጥ አቡክታ፣ ልብስ አጥባ የምታድር ሴት ልጇ መኪና እንዳይገጨው ያገኘችው ብቸኛ መላ ነው።

ክሊኒኩ ምን ሊሰጣት ይችላል? ለልጁ ችግር ስም ይሰጣታል፤ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የሚጥል በሽታ አብሮት ካለ መድኃኒት ያዝዛል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ እውነቱን ይነግራታል፦ ኦቲዝምን የሚያድን እንክብል የለም፤ ልጁ ከሌሎች ልጆች ጋር ይዋል፤ ትምህርት ቤት አስገቢው። እናት ወረቀቷን ይዛ በአቅራቢያዋ ወዳለው ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። ስልሳ ተማሪ ያጨቀ ክፍል፣ በቂ ሥልጠና ያላገኘ መምህር፣ ደረጃ ብቻ ያለው መፀዳጃ ቤት ነው ያለው። ልጁ ሲጮኽ ያያል፤ «እመቤቴ፣ መጀመሪያ ይታከም፤ ሲሻለው አምጪው» ይላታል። ሐኪሙ የሚሻለው ሲማር ነው ብሏል፤ ርዕሰ መምህሩ የሚማረው ሲሻለው ነው ብሏል። ሁለቱም በየሙያቸው የመንግሥት ደመወዝ ይበላሉ፤ በመሀላቸው ያለችው እናት ግን የትኛውም መሥሪያ ቤት አያውቃትም።

ልጁን ጸበል የሚወስድ ወላጅ ላይ መሳቅ በከተማ የተለመደ ነው። ጸበሉ ግን ቢያንስ «ሲሻለው አምጪው» አይልም። በሽተኛውን እንደታመመ ይቀበላል። ሳቁ ከመምጣቱ በፊት ይህን ልብ ማለት ደግ ነው።

የችግሩ ሥር ያለው «ቴራፒ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ቃሉ ሲሰማ ነጭ ጋወን፣ ማሽን፣ ውድ ክፍያ ይታሰባል። ወደ ሥራው ቀርቦ ላየው ሰው ግን ሌላ ነው። ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባለው በአብዛኛው አንድ ልጅ ማንኪያ ይዞ ወደ አፉ እንዲያደርስ፣ ቁልፍ እንዲቆልፍ፣ ጫማውን እንዲያጠልቅ፣ እርሳስ እንዲጨብጥ በትዕግሥት ማለማመድ ነው። የንግግር ሕክምና ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቃል በፊት ነው፦ ዓይን ለዓይን መተያየት፣ ኳስ ማቀባበል፣ ተራ መጠበቅ፣ የፈለጉትን በጣት ማሳየት። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ በትክክል እንዲቀመጥ ከተደረገ፣ ጀርባውና እግሩ ከተደገፈ፣ እጁ ነጻ ይወጣና ነገር መያዝ ይችላል፤ ሳይታነቅ መዋጥም ይቀለዋል። እንዲህ ያለው ወንበር ከተደራረበ ካርቶንና ከዱቄት ሙጫ ሊሠራ ይችላል፤ ከውጭ ምንዛሪ ጋር አይገናኝም።

እነዚህ ሁሉ የሚያመሳስላቸው ድግግሞሽ ነው። ማንኪያውን ዛሬ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ መቶ ጊዜ። በወር አንዴ የሚገኝ ባለሙያ፣ የፈለገውን ያህል ቢማር፣ ድግግሞሹን ሊሰጥ አይችልም። እሱ የሚችለው ልጁን መርምሮ ምን እንደሚደጋገም ማሳየት ነው። ድግግሞሹን ሊሰጥ የሚችለው ልጁ በየቀኑ የሚውልበት ቦታ ነው፤ ለሌላው ልጅ ሁሉ ይህ ቦታ ትምህርት ቤት ይባላል። መዝሙሩ፣ ሥዕሉ፣ ጭቃ ማድቦልቦሉ፣ የእረፍት ሰዓት ሩጫው፣ ሰልፉ፣ ምሳ ዕቃ መክፈቱ ራሱ ሕክምና ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲባረር ፊደል ብቻ አይደለም የሚቀርበት። ሕክምናውም ይቀርበታል።

ይህን በኢትዮጵያ ከማንም በፊት በአደባባይ ያሳዩት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ለዓመታት አሜሪካ ኖረው፣ በውበት ሙያ ሠርተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸው ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው እየተመለሰ አስቸገራቸው። «አንቀበልም» ሲበዛ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በጥቂት ልጆች ጀመሩ፤ ኒያ ፋውንዴሽን የሚባለው ድርጅትም የእርሳቸው ነው። «ኦቲዝም» የሚለው ቃል ራሱ በቅጡ በማይታወቅበት ዘመን ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው «ይህ ልጅ የእኔ ነው፤ እርግማን አይደለም» ለማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ዛሬ ለማሰብ ይከብዳል። ካመጧቸው ነገሮች አንዱ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ያሉት ዘዴ ነው፤ የአማርኛን ፊደል ድምፆች ተጠቅሞ መናገር የተሳናቸው ልጆች አፋቸውን እንዲፈቱ የሚረዳ። ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ «ሀ ሁ ሂ»ን እየጮኸ ነው ያደገው። እኚህ ሴት ያንኑ ጩኸት ለንግግር ሕክምና አዋሉት። ትምህርቱና ሕክምናው አንድ ሆኑ ማለት ነው። ወ/ሮ ዘሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ዐረፉ፤ ማዕከሉ ግን ቀጥሏል። ከዚያም ወላጆች ተሰባስበው ያቋቋሙት ነህምያ ኦቲዝም ማዕከል መጣ፤ ሌሎችም ተከተሉ።

ደስ የማይል ነገር መናገር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ማዕከላት የተከፈቱት መንግሥት ያልሠራውን ለማሳየት ነበር። ሃያ ዓመት አልፎ ሲታይ ግን መንግሥት ላለመሥራቱ ማመካኛ ሆነው ተገኙ። ባለሥልጣን መጥቶ ይጎበኛል፣ ፎቶ ይነሣል፣ «የሚበረታታ ነው» ብሎ ይሄዳል። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጥያቄ ሲመጣበት «ለእንዲህ ያሉ ልጆች ማዕከል አለ» ይላል። ማዕከሉ ግን አዲስ አበባ ነው፤ በእርዳታና በልመና ነው የሚተዳደረው፤ ወረፋው ደግሞ ልጁን እያሳደገው ነው። የደብረ ማርቆስ፣ የአርሲ፣ የወላይታ እናት ምን ታድርግ? ከተማው ውስጥ ያለውስ ቢሆን፣ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ የ«ሻዶው ቲቸር» ደመወዝ ጨምሮ የሚከፍል ስንት ወላጅ አለ?

በወረቀት በኩል የጎደለ ነገር የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንደሚመድብ ይናገራል። አገሪቱ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ስለ አካቶ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ትምህርት ሚኒስቴር የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት የአሥር ዓመት ማስተር ፕላን አወጣ። ያ አሥር ዓመት አለቀ። በፕላኑ ውስጥ ያለው ትልቁ ሐሳብ ጥሩ ነው፦ በአንድ አካባቢ ካሉ ትምህርት ቤቶች አንዱ የድጋፍ ማዕከል ይሆናል፤ መሣሪያና የሠለጠነ መምህር ይኖረዋል፤ መምህሩ በዙሪያው ያሉ ትምህርት ቤቶችን እየዞረ ይደግፋል። በተግባር ግን «የድጋፍ ማዕከል» ማለት በብዙ ቦታ አንድ ክፍል ነው። በክፍሉ ውስጥ የብሬል ወረቀት፣ የምልክት ቋንቋ መዝገበ ቃላት፣ የተሰበረ ዊልቸር አለ፤ ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ ነው። ዓይነ ሥውርና መስማት የተሳነው ተማሪ ከዚህ ክፍል ትንሽ ይጠቀም ይሆናል፤ እነሱ የሰበታው መርሐ ዕውራንና የመካኒሳው ትምህርት ቤት ያስተማሩት የረጅም ጊዜ ልምድ ከኋላቸው አለ። ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድረም ወይም ሴሬብራል ፓልሲ ላለበት ልጅ ግን ክፍሉ ምንም የለውም። እሱ የሚፈልገው ዕቃ ሳይሆን ሰው ነውና።

ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ለምን የሉም? ቴራፒስት የጤና ባለሙያ ነው። ቅጥሩም ደረጃውም በጤናው በኩል ነው። የልዩ ፍላጎት መምህር ደግሞ የትምህርት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስት ያሠለጥናል፣ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርትም ጀምሯል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት መምህራንን ካስመረቀ ቆየ። የአንዱ ምሩቅ ሆስፒታል ይመደባል፤ የሌላው ምሩቅ፣ ዕድለኛ ከሆነ፣ ትምህርት ቤት። ሁለቱ ባለሙያዎች አንድ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው «ይህን ልጅ ምን እናድርገው?» የሚባባሉበት ወንበር በሁለቱም ሚኒስቴሮች መዋቅር ውስጥ የለም። ልጁ የሚወድቀው በዚህ ክፍተት ነው።

ለንጽጽር አሜሪካን ማንሣት አስፈላጊ የሚሆነው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ ልዩነቱን በገዛ ልጁ አይቶታል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ሕግ ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይመለስ ከለከለ። የሕጉ ብልሃት የሚታየው ከዚያ በኋላ ባለው ነው፦ ልጁ ለመማር የንግግር ሕክምና ወይም ፊዚዮቴራፒ የሚያስፈልገው ከሆነ ያንን በነጻ የማቅረብ ግዴታ የትምህርት ቤቱ ነው አለ። ስለዚህ ቴራፒስቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። «መጀመሪያ ይታከም» የሚል ርዕሰ መምህር ሕግ ጣሰ ማለት ነው። አሜሪካ ሀብታም ስለሆነች ነው የሚል ካለ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ከተጨማሪው ወጪ እስከ 40 በመቶ እሸፍናለሁ ብሎ የገባውን ቃል ሃምሳ ዓመት ሊሞላው አልቻለም፤ ወላጆች እስከ ዛሬ ይከሳሉ፣ ይከራከራሉ። ገንዘቡ እዚያም አልበቃም። ኃላፊው ማን እንደሆነ ግን ከመጀመሪያው ቀን ታወቀ። ኢትዮጵያ ልትወስደው የሚገባው ይህንን ነው፤ ይህ ደግሞ ዶላር አያስወጣም።

«በሁሉም ትምህርት ቤት ቴራፒስት ይቀጠር» የሚል የዋህ ጥያቄ ማንም አያቀርብም። ባለሙያው የለም፤ ለብዙ ዓመትም አይኖርም። ሊሆን የሚችለው እንዲህ ያለ ነው፦ የዞኑ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒስት በሳምንት አንድ ቀን፣ በሁለት ሳምንትም ቢሆን፣ ሥራው በድጋፍ ማዕከሉ ትምህርት ቤት ይሁን። ሆስፒታል አንድ በአንድ ከሚያያቸው ይልቅ ልጆቹን፣ እናቶቹንና መምህራኑን አንድ ላይ ያገኛል። ያሳያል፣ ጽፎ ይተዋል፣ ይመለሳል። የቀረውን ቀን መምህሩና ረዳቱ ይደጋግሙታል። የጤና ሚኒስቴር ሰውየውን ቀጥሮታል፤ የትምህርት ሚኒስቴር ክፍሉን ሠርቶታል። የሚጎድለው ትራንስፖርትና ሁለት ፊርማ ነው። ሁለት ፊርማ በዚህ አገር ቀላል አይደለም ለሚል፣ እውነቱን ነው።

ቤት ድረስ የሚሄደውም መንገድ ተሞክሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ያሉ፣ የዕድገት መዘግየት ያለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች የሚሠለጥኑበት ፕሮግራም አዘጋጅቷል፦ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባ፣ ሦስት የቤት ጉብኝት። ትምህርቱ በቤት ውስጥ ሥራና በጨዋታ ላይ ነው የተመሠረተው፤ ልብስ ሲታጠፍ፣ ሽሮ ሲቁላላ ልጁን እንዴት እንደሚያሳትፉት፣ ሲረበሽ ከመምታት በፊት ምን እንደሚፈልግ እንዴት እንደሚያውቁ። አሠልጣኙ ስፔሻሊስት መሆን የለበትም። ወደ አማርኛ ተመልሶ በአዲስ አበባም ከከተማ ውጭም ተሞክሯል። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ስለ ኦቲዝምና መሰል ችግሮች የሚያስረዳ ቪዲዮና የኪስ መመሪያ ከዓመታት በፊት ተዘጋጅቶላቸው ነበር። እነዚህ ከሠላሳ ሺህ በላይ ሴቶች በየቀበሌው የትኛው ቤት የተቆለፈበት ልጅ እንዳለ ያውቃሉ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ግን ሥራው አብሮ ያልቃል፤ የተለመደው የአገራችን በሽታ ይህ ነው። ሥልጠናው የጤና ኤክስቴንሽኑ መደበኛ ሥራ ሆኖ በዓመታዊ ዕቅዷ ላይ ካልተጻፈ፣ የለጋሽ ገንዘብ ባለበት ወረዳ እየበራ የሚጠፋ መብራት ሆኖ ይቀራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ አሁን ሎሚውን ሁሉ የተሸከመችው አንዲት እናት ናት።

ነገሩ በአካል ጉዳት ብቻ አይወሰንም። የደም ካንሰር የያዘው ልጅ በሕጻናት ዘንድ በብዛት የሚታየው ዓይነት ከሆነ ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል። ከክልል መጥቶ ጥቁር አንበሳ የተኛ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሲድን እኩዮቹ ስድስተኛ ክፍል ናቸው። በጎ ፈቃደኞች አልፎ አልፎ እርሳስና መጫወቻ ይዘው ይመጣሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን በሆስፒታሉ የሚመደብ አንድ መምህር፣ የሚሰጠውም ውጤት ልጁ ወደ አገሩ ሲመለስ የሚቆጠርለት ቢሆን፣ ሕክምናውን አቋርጦ የመሄድ ፈተናም የሚቀንስ ይመስላል። የሚቀጥለውን ክፍል እያጠና ያለን ልጅ «ተስፋ የለውም» ብሎ ይዞ መውጣት ለወላጅም ይከብዳል።

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል፤ ሰሚ እንዳይመስለው ዝም ማለትም አይገባም። በጦርነትና በግጭት ምክንያት በአማራ፣ በትግራይ፣ በኦሮሚያ ሚሊዮኖች ጤነኛ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ራሱ በፈረሰበት ስለ ካርቶን ወንበር ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? ክርክሩ ጥንካሬ አለው፤ ግን ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛ፣ ጦርነቱ ራሱ እግሩ የተቆረጠ፣ መስማት የተሳነው፣ በድንጋጤ አንደበቱ የተዘጋ ልጅ እያበዛ ነው። ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲሠራ መወጣጫ ያለው አድርጎ መሥራት ሰባብሮ ከመጨመር ይረክሳል፤ የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅም ይህን ያዛል። ሁለተኛ፣ «ጤነኛው ይቅደም» የሚለው ተራ ሰላም በነበረበት ዘመንም ተብሎ ነበር። ያኔም ትምህርት ቤት የገባው አካል ጉዳተኛ ልጅ ከአሥር አንድ ገደማ ነበር። ተራው መቼም አይደርስም።

አቅም የለም የሚለውም መልስ በጥንቃቄ ሊሰማ ይገባል። የአዲስ አበባ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ውስጥ ቁርስና ምሳ ይበላሉ ተብሎ ቢነገር ከአሥር ዓመት በፊት ማን ያምን ነበር? ተወሰነ፤ በጀት ተያዘ፤ እናቶች ተቀጥረው ያበስላሉ። አቅም የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ውሳኔውን ተከትሎ ነው የሚመጣው። በነገሩ ላይ ውሳኔ እንዳይኖር ያደረገው ልጆቹ ስለማይታዩ ነው። የ1999ኙ ቆጠራ አካል ጉዳተኞችን ከሕዝቡ አንድ በመቶ ገደማ ብቻ አድርጎ ነበር የቆጠረው፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ግን የኢትዮጵያው አኃዝ 17.6 በመቶ ነው። መለኪያቸው ይለያያል፤ ቢሆንም ልዩነቱ የመለኪያ ብቻ አይደለም። ቆጣሪው በር ሲያንኳኳ «ስንት ልጅ አላችሁ?» ሲባል ጓዳ ያለው አይጠራም።

በየዓመቱ መጋቢት ማብቂያ ላይ የኦቲዝም ቀን ይከበራል፤ ሰማያዊ ቲሸርት ይታተማል፣ በአደባባይ ይሮጣል። ግንዛቤ ማስጨበጡ አይጠላም፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት ግንዛቤ የጨበጠች እናት አሁን የምትፈልገው የተማሪ ምዝገባ ነው። ምዝገባው ደግሞ ነሐሴ ላይ ነው የሚጀመረው፤ ያኔ ቲሸርቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ የየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ነገር ቢሠራ ይበቃ ነበር፦ ትምህርት ቤቶቹ የመለሱትን ልጅ ሁሉ፣ ስሙን፣ ዕድሜውንና የተመለሰበትን ምክንያት መዝግበው እንዲያቀርቡ ማዘዝ፤ የዝርዝሩንም ቅጂ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ መላክ። ዛሬ የተቀበሉት እንጂ የመለሱት አይጻፍም።